መድኃኒቱ ለምን ሳምንታት ይፈልጋል?

እህቴ፣ ወንድምዎ ፍሉኦክሴቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት 20 ሚሊግራም መውሰድ ከጀመረ 12 ቀን እንደሆነው፣ ለውጥ ስላላየም ሊያቋርጠው እንዳሰበ ጽፈዋል፤ «ጭንቀት አንጎልን ያደርቃል፣ መድኃኒቱ ያሳድገዋል» የሚባለው እውነት እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም ሳልሆን የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ይሁን እንጂ ይህንኑ መድኃኒት ለድባቴ ሁለት ጊዜ ወስጃለሁ፤ የመጀመሪያውን ጊዜ በ16ኛው ቀን ያቋረጥኩትም ወንድምዎ ባሰበው ምክንያት ነበር። የቀሩት 14 እንክብሎች መስኮቱ ላይ ለወራት ተቀምጠው ሳለ እኔ ከአልጋ መነሳት አቅቶኝ ነበር። መድኃኒቱ ሳምንታት እንደሚፈልግ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ዛሬም ይቆጨኛል።

የነርቭ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል በሴሎቹ መካከል የሚጨምረው እንክብሉ በተዋጠ በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ስሜት የሚሻሻለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። ይህ ልዩነት ተመራማሪዎችን ቢዲኤንኤፍ ወደሚባለው ፕሮቲን መራቸው። ፕሮቲኑን ኢቭ-አላን ባርድና ሃንስ ቶነን በ1982 እ.ኤ.አ. ከአሳማ አንጎል ለይተው ያወጡት ሲሆን፣ ሥራው የነርቭ ሴሎች በሕይወት እንዲቆዩ፣ ቅርንጫፍ እንዲያወጡና እርስ በርስ ያላቸው ግንኙነት እንዲጠነክር ማገዝ ነው።

በ1995 እ.ኤ.አ. በአይጦች ላይ በተደረገ ጥናት፣ እንዳይንቀሳቀሱ ተደርገው የተጨነቁት አይጦች ለማስታወስ በሚያገለግለው ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው የዘረመል መልእክት ቀንሶ ተገኘ። ጭንቀቱ ሲራዘም በዚያው ክፍል ያሉ የሴል ቅርንጫፎች ያጥራሉ፤ ስለዚህ «ያደርቃል» ከማለት «ያኮማትራል» ቢባል ለእውነቱ ይቀርባል፤ የተኮማተረው ደግሞ መልሶ ሊዘረጋ ይችላል። በዚያው ዓመት የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ዱማንና ባልደረቦቹ የድባቴ መድኃኒቶች መልእክቱን ከፍ እንደሚያደርጉ አሳዩ፤ ለውጡ የታየው ግን ለሳምንታት በተከታታይ ሲሰጡ እንጂ አንድ ጊዜ ሲሰጡ አልነበረም። ይህን ሳነብ በ16ኛው ቀን ያቋረጥኩት ምን እንደነበር ገባኝ።

እኔን ከሁሉ በላይ የለወጠኝ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ሌላ ጥናት ነው። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ በመቆየቱ በዚያ ዓይን ማየት የተሳናቸው ጎልማሳ አይጦች ፍሉኦክሴቲን ሲሰጣቸው እይታቸው ተመለሰ፤ የተመለሰው ግን ደህነኛው ዓይን ተሸፍኖ ደካማው እንዲሠራ ሲገደድ ነው። እኔ እንደተረዳሁት መድኃኒቱ አንጎልን ለለውጥ ያዘጋጃል፤ ምን እንደሚለወጥ የሚወስነው የዕለት ኑሮው ነው። ስለዚህ ሁለተኛውን ጊዜ ስጀምር ጎረቤቴ በየማለዳው እያንኳኳ ይዞኝ ይወጣ ነበር፤ በአምስተኛው ሳምንት ገደማ አንድ ምሽት አራት የተማሪ ፈተና ወረቀቶች እስክሪብቶዬን ሳላስቀምጥ አርሜ መጨረሴን አስተዋልኩ።

ቢዲኤንኤፍ በበዛ ቁጥር ይሻላል ማለት ግን አይደለም፤ ከደስታና ከሽልማት ጋር በተያያዘው የአንጎል መስመር ጭንቀት ሲጨምረው ጉዳት እንደሚያባብስ በአይጦች ታይቷል። ፕሮቲኑን በደም ለክቶ መድኃኒት ለመምረጥ የሚያስችል ምርመራም ስለሌለ፣ ለዚያ ብላችሁ ገንዘብ አታውጡ።

ወንድምዎ ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር እንዳያቋርጥ ለምኑልኝ፤ ማቅለሽለሽ ወይም እንቅልፍ ማጣት ካስቸገረው ለሐኪሙ ይንገር፣ እርስዎም ከቤት ይዘውት ይውጡ። በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት መቁነጥነጥ ከበዛበት ወይም ራሱን ስለመጉዳት አንዲት ቃል ከተናገረ ግን ቀጠሮውን ሳትጠብቁ በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።