«ጌታ ጠርቶናል» ሲለኝ ምን ልመልስለት?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። ቤተ ክርስቲያናችን ባለቤቴን ወደ ሐመር ሚሲዮናዊ አድርጋ ስትልከው የመምህርነት ሥራዬን ትቼ ከሐዋሳ አብሬው መጣሁ። ቱርሚ አካባቢ መኖር ከጀመርን ሦስት ዓመት ሊሆነን ነው። እሱ ቋንቋውን ለምዷል፣ ሰዉም ይወደዋል። እኔ ግን ከቤት እምብዛም አልወጣም። ማታ ማታ አለቅሳለሁ። አሁን ደግሞ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጃችንን ለትምህርት ሐዋሳ እናቱ ጋ እንላካት ይላል። አይሆንም ስለው «ጌታ ጠርቶናል፣ ዋጋ መክፈል አለብን» ይለኛል። ለቤተ ክርስቲያን እንዳልናገር ድጋፋችን እንዳይቋረጥ እፈራለሁ። እምነቴ ቀዝቅዞ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። እኔ ከደብዳቤሽ ያነበብኩት ድካም ነው። ኤልያስ ክትክታ ዛፍ ሥር ተኝቶ ሞቱን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። «ተነሥተህ ብላ» አለው። በልቶ መልሶ ተኛ፤ መልአኩም ዳግመኛ ቀስቅሶ አበላው። ስለ አገልግሎቱ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰው ባዕድ ባህል ውስጥ ሲገባ የሚገጥመውን መናወጥ «ከልቸር ሾክ» እንለዋለን። ስለዚህ ነገር በሰፊው የሚጠቀሰው የአንትሮፖሎጂ ባለሙያው ካሌርቮ ኦበርግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ጽሑፉ የታተመው ለሚሲዮናውያን በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ነበር። እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሆድ መባሱ፣ የአገር ናፍቆቱ ያኔም በደንብ የታወቀ ነገር ነው ማለት ነው። አንቺ ላይ የተጀመረ አይደለም።

ባልሽ ለምዶ አንቺ ያልለመድሽበት ምክንያትም አለው። እሱ ጠዋት ሲወጣ ሥራው ራሱ ቋንቋ ያስተምረዋል። ሲሳሳት ያርሙታል፣ ነገ ደግሞ ይሞክራል። አንቺ ውኃው፣ እንጨቱ፣ ልጅቷ አለችብሽ። አንዲት ሐመር ጎረቤት ጠርታሽ በቡና ገለባ የተፈላውን መጠጥ በቅል ቀድታ ስትሰጥሽ ሌሎቹ ሲስቁ አብረሽ ትስቂያለሽ፤ በምን እንደሚስቁ ግን አታውቂም። ክፍል ሙሉ ተማሪ ታስተምሪ የነበርሽ ሴት እንደ ሁለት ዓመት ልጅ ትኮላተፊያለሽ። ይሄ ያሳፍራል። የሚያፍር ሰው ደግሞ ቤቱን ይመርጣል። ቤት በዋለ ቁጥር ቋንቋው ይርቀዋል። ለዚህ ነው ባለቤትሽ ከሳምንቱ ሁለት ጠዋት ልጅቷን ይዞ ቤት ይዋል የምለው። አንቺ ያቺኑ ጎረቤት ይዘሽ ትማሪያለሽ። እንደ ውለታ አትለምኚው። የአገልግሎቱ ፕሮግራም ውስጥ ይግባ።

ወደ «ጌታ ጠርቶናል» ልምጣ። ይህን ቃል አከብራለሁ። ነገር ግን በባልና ሚስት ጭውውት መሃል ሲገባ በሩን ይዘጋዋል። ከባሏ ጋር መከራከር የምትችል ሴት ከእግዚአብሔር ጋር ተከራካሪ ስትደረግ ምን ትላለች? ዝም ትላለች። አንቺም ዝም ብለሻል።

የእንግሊዛዊውን ሚሲዮናዊ የዊልያም ኬሪን ስም ብዙ ስብከት ላይ ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1793 ወደ ህንድ ሲሄድ ሚስቱ ዶሮቲ መጀመሪያ አልሄድም ብላ ነበር። በኋላ እህቷ አብራት ከሄደች ብላ ተስማማች። በዓመቱ የአምስት ዓመት ልጃቸው ፒተር በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ዶሮቲ አእምሮዋ ታወከ፤ በ1807 እስክትሞትም አልተሻላትም። ባሏ መጽሐፍ ቅዱስ ሲተረጉም እሷ እዚያው ቤት ውስጥ ታማ ነበረች። ላስፈራራሽ አይደለም፣ ሕመሟ በምን እንደመጣም ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። ስለ እሱ ሲሰበክ እሷ አለመነሳቷ ግን ያንገበግበኛል። በእኛም አገር ከወላይታ ተነሥተው ወደ ጎፋና ወደ አሪ የወጡ ወንጌላውያን ታሪክ ሲነገር በሰው አገር የወለዱት፣ የፈጩት፣ የቀበሩት ሚስቶቻቸው ስም ስንቴ ይጠራል?

እንግዲህ ባለቤትሽን «አልጠራንም» አትበይው። ከመንገድ ደክሞ በገባ ቀንም አትጀምሪ። ልጅቷ ስትተኛ ቁጭ በሉና እንዲህ በይው፦ «ጥሪህን አልካድኩም። ስለ ልጃችን ግን ገና አልተመካከርንም። እኔ ሳልስማማ ልጅቷ አትሄድም።» ከዚህ ቃል ወደኋላ አትበይ።

ሰባት ዓመት ልጅ ከእናት ከአባቷ የምትለይበት ዕድሜ ነው ብዬ አላምንም። አያት ፍቅር አያንሳትም፣ ግን በዚህ ዕድሜ «ለምን ሰደዱኝ?» የሚለውን ጥያቄ ልጆች ራሳቸው ይመልሱታል። አብዛኛውን ጊዜም መልሱ «አጥፍቼ ነው» የሚል ነው። ስልክ ይህን አያስተካክለውም። ሌላ መንገድ አለ። ሦስታችሁም ጂንካ ተቀመጡ። ትምህርት ቤት አለ፣ አንቺም ሥራ ልታገኚ ትችያለሽ፣ እሱ በየሳምንቱ ወደ ቱርሚ እየተመላለሰ ያገለግላል። ይደክመዋል፤ ዋጋ መክፈል ካለ አንዱ ይህ ይሁን። ያ ካልሆነ ደግሞ አንቺ መምህርት ነሽ፤ አንድ ዓመት ቤት አስተምሪያት።

የድጋፉ ፍርሃት ገብቶኛል። በየጊዜው የሚላከው ሪፖርት ላይ የተጠመቁት ቁጥር ይጻፋል፣ የሚስት ለቅሶ አይጻፍም። ስለዚህ መጀመሪያ በገንዘቡ ላይ ለማይወስን ሰው ንገሪ። የምታምኛት አንዲት የአገልጋይ ሚስት፣ ወይም ያስተማረሽ አንድ አረጋዊ መጋቢ ይበቃል። ከዚያ ሁለታችሁ አብራችሁ ዕረፍት ጠይቁ። ጥያቄው በባለቤትሽ አፍ ቢቀርብ ይሻላል፤ እሱ ካለው «ሚስቱ አስቸገረችው» የሚል ሰው ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ቀጠሮ አይሰጠውም። ለቅሶው በየቀኑ ከሆነ፣ እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ ከራቀሽ፣ ወይም «ምነው በሞትኩ» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ፣ ዕረፍቱ እስኪፈቀድ አትጠብቂ። በዚሁ ሳምንት ባለቤትሽ ጂንካ ወይም አርባ ምንጭ ሆስፒታል ይውሰድሽ። ለሐኪሙ ለእኔ የጻፍሽውን እንዳለ ንገሪው።