የምን ሲሶ? የምን ሩብ? ክፍልፋይ ያለበትን የቃላት ሒሳብ ለልጅ ስለማስረዳት

እህቴ፣ ስለ 6ኛ ክፍል ልጅዎ ያቀረቡትን ጥያቄ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ልጅዎ ክፍልፋዮችን ስትደምርና ስታባዛ ስህተት እንደማይገኝባት፣ ያው ሒሳብ በዓረፍተ ነገር ተጽፎ ሲመጣ ግን መላው እንደሚጠፋባት ገልጸዋል። ያስቀመጡት ምሳሌ ይህ ነው፦ አንዲት ነጋዴ ወደ ከፊራ ገበያ ካመጣችው ብርቱካን ሲሶውን ጠዋት ሸጠች፤ ከቀረው ሩቡን ከሰዓት በኋላ ሸጠች፤ በመጨረሻ 60 ኪሎ ተረፋት፤ በጠቅላላ ስንት ኪሎ አምጥታ ነበር? ልጅዎ 144 ብላ መመለሷንና መምህሯም ስህተት ነው ማለታቸውን ጽፈዋል።

እዚሁ ድሬዳዋ ለረጅም ዓመታት ሒሳብ ሳስተምር ይህንኑ ዓይነት መልስ በብዙ ልጆች ደብተር ላይ አይቼዋለሁ፤ ስለዚህ ልጅዎ ሰነፍ ናት ብለው እንዳያስቡ አደራ እላለሁ። ወደ 144 እንዴት እንደደረሰች ማየት ይቻላል። አንድ ሦስተኛና አንድ አራተኛን ደምራ 7/12 አገኘች፤ ከአንድ ሙሉ ቀንሳ 5/12 ቀረ አለች፤ 60 ኪሎ የጠቅላላው 5/12 ከሆነ ጠቅላላው 144 ነው። ስሌቱ እንከን የለውም። ችግሩ ያለው ሩቡን ከጠቅላላው ብርቱካን ላይ በመውሰዷ ነው፤ ጥያቄው ግን «ከቀረው ሩቡን» ይላል። ሲሶው የጠቅላላው ሲሶ ነው፤ ሩቡ ግን የቀሪው ሩብ ነው። ሁለት ክፍልፋዮች ሊደመሩ የሚችሉት የአንድ ነገር ክፍልፋዮች ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጅዎ አንድ ክፍልፋይ ባየች ቁጥር፣ እርሳስ ከማንሳቷ በፊት፣ «የምን?» ብላ እንድትጠይቅ ያስለምዷት። በእኔ ልምድ ከዚህች ጥያቄ የበለጠ ልጆችን የጠቀመ ዘዴ የለም።

ቀጥሎ ሥዕል ታስቀምጥ። አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ትሳልና በሦስት እኩል ሳጥን ትክፈለው፤ ይህ ነጋዴዋ ያመጣችው ብርቱካን በሙሉ ነው። የጠዋቱን አንድ ሳጥን ታጥቁረው፤ ሁለት ሳጥን ይቀራል። የሁለት ሳጥን ሩብ ግማሽ ሳጥን ነውና እርሱንም ታጥቁረው። አሁን የቀረው አንድ ሳጥን ተኩል ነው፤ ይህም 60 ኪሎ ስለሆነ አንዱ ሳጥን 40 ኪሎ፣ ሦስቱ ሳጥኖች ደግሞ 120 ኪሎ ይሆናሉ። ልጅዎ መልሱን ወደ ታሪኩ መልሳ ታረጋግጠው፦ የ120 ሲሶ 40 ነው፤ 80 ይቀራል፤ የ80 ሩብ 20 ነው፤ 60 ይቀራል። በ144 ብትሞክረው ግን 72 ስለሚቀር፣ መምህር ሳይነግራት ስህተቱን ራሷ ታገኘዋለች። ይህ ማረጋገጫ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ ሆኖም አብዛኞቹ ተማሪዎች ይዘሉታል፤ ያሳዝነኛል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። «ቀረ የሚል ቃል ካያችሁ ቀንሱ፣ በጠቅላላ የሚል ካያችሁ ደምሩ» ተብሎ የሚሰጠው ምክር ልጆችን ይጎዳል። በእርስዎ ጥያቄ ውስጥ «ቀረ»ም «በጠቅላላ»ም አሉ፤ ነገር ግን መፍትሔውን የሚወስነው በቁጥሮቹ መካከል ያለው ግንኙነት ነው። ለምሳሌ በቤታችን የምናውቀውን ሮቶ እንውሰድ። አንዱ ቧንቧ ብቻውን በ6 ሰዓት፣ ሌላው ብቻውን በ3 ሰዓት የሚሞላው ከሆነ፣ ሁለቱ አብረው ሲከፈቱ በስንት ሰዓት ይሞላል? «አብረው» የሚለውን ቃል አይቶ 9 ሰዓት የሚል ልጅ፣ ሁለት ቧንቧ ከአንዱ ይልቅ ዘገየ ማለቱን ልብ አላለም። በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው የሮቶውን 1/6፣ ሁለተኛው 1/3 ይሞላሉ፤ ሁለቱም የዚያው የአንዱ ሮቶ ክፍልፋዮች ስለሆኑ እዚህ መደመር ትክክል ነው፤ ድምሩ ግማሽ ስለሆነ በ2 ሰዓት ይሞላል።

ወደ አልጀብራው ስንመጣ፣ ሥዕሉ የገባው ልጅ ኤክስን አይፈራም። ብቻ ኤክስ ምን እንደሆነ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፦ «ኤክስ ነጋዴዋ ያመጣችው የብርቱካን ክብደት በኪሎ ነው።» ኤክስ ብርቱካኑ አይደለም፤ ቁጥር ነው። ጠዋት የተሸጠው የኤክስ ሲሶ ነው፤ የቀረው የኤክስ 2/3 ነው፤ የዚያ ሩብ ደግሞ የኤክስ 1/6 ነው። እንግዲህ ከኤክስ ላይ የኤክስ 1/3 እና የኤክስ 1/6 ሲቀነሱ 60 ይቀራል። ሁሉንም በ6 ብናባዛ ታህቶቹ ይጠፋሉ፤ ከ6 ኤክስ ላይ 2 ኤክስና 1 ኤክስ ሲቀነሱ 360 ይሆናል፤ 3 ኤክስ 360 ከሆነ ኤክስ 120 ነው።

በአልጀብራው ለሚቸገር ልጅ ደግሞ ጥንታዊ የሆነ ሌላ መንገድ አለ። ከ3500 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ አህመስ የተባለ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይ፣ «አንድ ቁጥር ከራሱ ሰባተኛ ጋር ሲደመር 19 ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ አለ። መፍትሔው የሚጀምረው ቁጥሩ 7 ነው ብሎ በመገመት ነው፤ 7 ከሰባተኛው ጋር 8 ይሆናል፤ ከዚያ 8ን 19 የሚያደርገው ብዜት ተፈልጎ 7 በእርሱ ይባዛል። በነጋዴዋ ጥያቄ ልጅዎ ለማካፈል የሚመቸውን 12 ትገምት፤ 4 ሲሸጥ 8፣ ከዚያ 2 ሲሸጥ 6 ይቀራል፤ መቅረት የነበረበት 60 የ6 አሥር እጥፍ ስለሆነ፣ 12ም በ10 ይባዛል። ጥያቄው ውስጥ ሁሉም ነገር የጠቅላላው ክፍልፋይ እስከሆነ ድረስ ይህ ዘዴ አይከሽፍም፤ ነጋዴዋ በተጨማሪ 5 ኪሎ ለጎረቤት ሰጠች ቢባል ግን አይሠራምና ወደ ኤክስ መመለስ ግድ ነው።

«የምን?» የሚለው ጥያቄ ከትምህርት ቤት ውጭም ገንዘብ ያድናል። 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተካቶበት 460 ብር በወጣ ደረሰኝ ላይ ታክሱ ስንት እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ብዙ አዋቂዎች የ460ን 15 በመቶ አስልተው 69 ብር ይላሉ። ታክሱ ግን የተሰላው ከታክስ በፊት በነበረው ዋጋ ላይ ነው፤ 460 የዚያ ዋጋ 115 በመቶ ስለሆነ ዋጋው 400 ብር፣ ታክሱም 60 ብር ነው።

ልጅዎ ነገሩ እንደገባት ለማወቅ ይህን ጥያቄ ይስጧት፦ አንድ ሠራተኛ ከደመወዙ ሁለት አምስተኛውን ለቤት ኪራይ፣ ከቀረው ሲሶውን ለአስቤዛ ከፍሎ 4,800 ብር ተረፈው፤ ደመወዙ ስንት ነው? 18,000 ካለችዎ ሲሶውን አሁንም ከሙሉው ደመወዝ ላይ እየወሰደችው ነውና ወደ ሳጥኖቹ ሥዕል ይመልሷት። 12,000 ካለችዎ ደግሞ ወዲያው «ትክክል ነው» አይበሏት፤ ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምራ በ12,000 እየተረከች 4,800 እንደሚቀር ራሷ ታሳይዎት።