«እህሉ ምን ሆነ?» ስለ እህል ምግቦች የጉምሩክ ታሪፍ፣ ጥያቄና መልስ ከኮምቦልቻ

ኮምቦልቻ ላይ በትራንዚተርነት፣ ማለትም የነጋዴዎችን ዕቃ በጉምሩክ በማስፈጸም፣ ዓመታት ሠርቻለሁ። ደረቅ ወደቡ ላይ ፋይል ሲጓተት ብዙ ጊዜ ያየሁት በአንድ ምክንያት ነው። አስመጪው የዕቃውን ስም ይጽፋል፣ ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ግን አይጽፍም። ከወሎ ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱኝን ጥያቄዎች እነሆ። አብሽሩ፣ እንደሚፈራው አይከብድም።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ጋሼ፣ ይሄ ኤችኤስ ኮድ የሚባለው ነገር ከየት መጣ? እህል እህል ነው፣ ለምን አንድ ኮድ አይበቃውም?

ኤችኤስ ኮድ ዕቃ በጉምሩክ የሚመደብበት ቁጥር ነው፤ ከዓለም የጉምሩክ ድርጅት ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ይሠራበታል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት አሃዞች በተቀበሉት አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው፤ እኛ ከዚያ በኋላ የራሳችንን እንጨምራለን። ሁለቱ አሃዝ ምዕራፉን፣ አራቱ አንቀጹን ይነግሩሃል።

ለእህል ሦስት ምዕራፎችን ያዝ። አንተ ራስህን የምትጠይቀው «እህሉ ምን ሆነ?» ብለህ ነው። ታጭዶ ተወቅቶ በቃ? ምዕራፍ 10። ተፈጨ፣ ተከካ፣ ተፈተገ? ምዕራፍ 11። ተጋገረ፣ ተቆላ፣ ከሌላ ነገር ጋር ተቀይጦ ምግብ ሆነ? ምዕራፍ 19። የቆቦ ማሽላ በፍሬው 10.07 ነው። ጤፍና ዳጉሳ 10.08 ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ጤፉ ሲፈጭ 11.02 ይሆናል፣ እንጀራ ሲሆን 19.05። አንድ ጤፍ፣ ሦስት ቦታ።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የኬክ ዱቄት ላስመጣ ነው። የስንዴ ዱቄት ብዬ ባስገባው ችግር አለው?

አለው። እኔም ተነክቼበታለሁ።

አንድ ደንበኛዬ ያስመጣው የፓንኬክ ቅይጥ ነበር። ከረጢቱ ላይ ትልቁ ጽሑፍ «ዱቄት» ይላል። የይዘት ዝርዝሩን ሳልጠይቅ 11.01፣ ማለትም የስንዴ ዱቄት ብዬ ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) ሞላሁ። ፈታሹ አንዱን ከረጢት አስከፈተና አንድ ማንኪያ ጨልፎ ሙቅ ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨመረው። አረፋው እስከ አፉ ወጣ። ከዚያ ጣቱን ነክሮ ቀመሰው፤ ጣፋጭ ነበር። ዝርዝሩ ሲመጣ ስኳርና የወተት ዱቄት አለበት። ፋይሉ ወደ 1901.20 ተቀየረ፤ ይህ የዳቦና የኬክ ቅይጦችና ሊጦች ቦታ ነው። የቀረጥ ልዩነቱ ተከፈለ፣ ዕቃው በቆመበት ቀን ልክ የመጋዘን ኪራይም ተቆጠረ። ደንበኛዬ ፊት ለመቆም አፍሬ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በል። ዱቄቱን ያስወጣው አረፋው አይደለም። የስንዴ ዱቄት ጥቂት ቤኪንግ ፓውደር ወይም ቫይታሚን ቢጨመርበትም 11.01 ላይ ይቆያል። ስኳር፣ ወተትና ቅባት ገብቶበት የተዘጋጀ ምግብ ሲሆን ነው ወደ 19.01 የሚሄደው። ስለዚህ ከአቅራቢህ በመቶኛ የተጻፈ የይዘት ዝርዝር ሳትቀበል ክፍያ አትላክ።

ጥያቄ (ወልድያ)፦ ቅንጬ የት ይመደባል? አንዱ ትራንዚተር 11 ይለኛል፣ ሌላው 19።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ እህቴ፣ እንደ ቅንጬው ነው። በጥሬው የተከካ ከሆነ ምዕራፍ 11 ነው። እዚያም ውስጥ ወንፊት ይለየዋል። የስንዴ ወይም የገብስ ስብርባሪ ከክብደቱ ቢያንስ 95 በመቶው በ1.25 ሚሊሜትር ወንፊት ካለፈ 11.03 ይሆናል። እኛ ቤት የምንበላው ቅንጬ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ይሻክራል፣ ስለዚህ 11.04 ይሆናል። ስንዴው አስቀድሞ ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ ከዚያ የተሰበረ ከሆነ ግን ቡልጉር ነው፤ 1904.30። እጅሽ ላይ ሲያዩት ይመሳሰላሉ። ልዩነቱ እሳት ማየቱ ነው፣ እሱን ደግሞ አምራቹ በጽሑፍ ይንገርሽ።

ጥያቄ (ሐይቅ)፦ ቆሎና በሶ አሽገን ወደ ውጭ ልንልክ ነው። ኮዱን ይንገሩን።

በርቱ። የገብስ ቆሎ 19.04 ነው፤ አንቀጹ ተቆልተው ወይም እንዲነፉ ተደርገው የተዘጋጁ የእህል ምግቦችን ይይዛል። ኮርንፍሌክስም እዚያው ነው። ፈንዲሻም ሳይፈነዳ በቆሎ ነውና 10.05፣ ሲፈነዳ 19.04።

ቆሎው ውስጥ ሽምብራ፣ ሱፍና ኦቾሎኒ ከገባ ግን እነሱ የምዕራፍ 10 እህል አይደሉም። ያኔ ለድብልቁ ዋና ጠባዩን የሰጠው የቱ ነው ተብሎ ይታያል። ገብሱ ከበዛ ነገሩ ይቀላል። የእያንዳንዱን ክብደት ፓኬቱ ላይ ጻፉ።

በሶ ያከራክራል። ዱቄት ነው፣ ወደ 11.02 ይስባል። የተቆላ ነው፣ ወደ ምዕራፍ 19 ይስባል። እኔ ብሆን ገዢው አገር ካለው ጉምሩክ ቅድመ ውሳኔ (ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ኮዱን በጽሑፍ የሚወስን) ሳላስጠይቅ አንድ ካርቶን አልልክም።

ጥያቄ (ባቲ)፦ ሽሮስ? እሱም ዱቄት ነው።

ዱቄት ነው፣ ግን የጥራጥሬ ነው። ቅመም የሌለው የደረቅ ጥራጥሬ ዱቄት 11.06 ነው። ብዙ ሰው የሚስተው በርበሬና ቅመም ሲገባበት ነው፤ «የተዘጋጀ ዱቄት ነው» ብሎ 19.01 ይለዋል። የምዕራፍ 19 ማስታወሻ ግን የጥራጥሬን ዱቄት ከዚያ ያስወጣዋል። ባለቅመሙን ሽሮ ምዕራፍ 21 ውስጥ ፈልጉት።

ጥያቄ (መርሳ)፦ ፓስታና ኢንዶሚ አንድ ናቸው?

አንቀጻቸው አንድ ነው፣ 19.02። ያልበሰለ ፓስታ እንቁላል ካለው 1902.11፣ ከሌለው 1902.19። ቶሎ የሚደርሰው ኑድልስ አስቀድሞ የበሰለ ስለሆነ 1902.30።

ጥያቄ (ደሴ)፦ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ቸኮሌት ነው ብስኩት?

ብስኩት ነው፣ 19.05 ላይ ይቆያል። ኮርንፍሌክስ ግን እንደ ብስኩት አይደለም። ሙሉ በሙሉ በቸኮሌት ከተሸፈነ፣ ወይም ቅባቱ ተነጥሎ ሲሰላ ካካዎው ከ6 በመቶ ከበለጠ ወደ 18.06 ይሄዳል። ተመሳሳይ ካርቶን፣ ተመሳሳይ ሥዕል፣ የተለያየ ምዕራፍ። በዚህ የተቸገሩ ነጋዴዎች ሲያዝኑ አይቻለሁና ደግሜ እላለሁ፣ ሥዕሉን አትመኑ።

ጥያቄ (ከሚሴ)፦ ብቅል?

11.07። የተቆላም ያልተቆላም።

ጥያቄ (ላሊበላ)፦ ድርቆሽ ለዘመድ ሳይሆን ለሽያጭ ልልክ አስቤያለሁ። እንጀራ ነው ወይስ ሌላ ኮድ አለው? ደግሞስ ቅድመ ውሳኔ ያሉት እንዴት ይጠየቃል?

ድርቆሽ መጀመሪያ እንጀራ ሆኖ ተጋግሯልና ከ19.05 አይወጣም፤ 1905.90 ነው። እዚያው አንቀጽ ውስጥ 1905.40 የሚባል የተጠበሰ ዳቦ ቦታ አለ። አንቺ በፀሐይ ካደረቅሽው እሱ አይመለከትሽም።

ቅድመ ውሳኔ ማለት ዕቃው ሳይንቀሳቀስ ጉምሩክ ኮዱን በጽሑፍ እንዲወስንልሽ መጠየቅ ነው። ለሚገባ ዕቃ የእኛን ጉምሩክ፣ ለሚላክ ደግሞ የተቀባዩን አገር ጉምሩክ በገዢሽ በኩል ትጠይቂያለሽ። ሦስት ነገር አዘጋጂ። አንደኛ፣ ይዘቱ በመቶኛ፤ ጤፍ ስንት፣ ሌላ ዱቄት ካለ ስንት፣ ጨው ስንት። ሁለተኛ፣ አሠራሩ ከቡኮው እስከ ማሸጊያው፣ በተራ ቋንቋ፤ ስንት ቀን እንደቦካ፣ በምን ምጣድ እንደተጋገረ፣ በፀሐይ ወይስ በማድረቂያ እንደደረቀ። ሦስተኛ፣ ያልተከፈተ ናሙና። ማመልከቻው ላይ «ድርቆሽ» ብቻ ብለሽ እንዳታቆሚ፤ ወረቀቱን የሚያነበው ሰው ድርቆሽ በልቶ የማያውቅ ሊሆን ይችላል።