ስለ መከፋፈል የጠየቃችሁኝ

ሶሺዮሎጂ አስተምራለሁ። «ሰው ለምን እንዲህ ተከፋፈለ?» በሚለው ላይ ጥያቄ ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ መጣ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ከሰማንያ በላይ ብሔር ይዘን ሰላም ከየት ይመጣል? ብዛታችን አይደል ችግሩ?

ብዛቱ አይመስለኝም። ሩዋንዳን እዩ። ሁቱውም ቱትሲውም የሚናገረው ኪንያርዋንዳ ነው፤ አብዛኛው ክርስቲያን ነው። በ1994 የዘር ጭፍጨፋው ግን ሆነ።

የሶሺዮሎጂ ምሁራኑ፣ ጀርመናዊው ጌኦርግ ዚመል ከመቶ ዓመት በፊት፣ ሉዊስ ኮዘር ደግሞ በ1956 ያነሱት ነገር እዚህ ላይ ይረዳናል። ጸብ የሚከፋው መለያያ መስመሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሲደራረቡ ነው። ብሔሬ፣ እምነቴ፣ ሰፈሬ፣ ፓርቲዬ፣ የማየው ቴሌቪዥን ሳይቀር ከአንድ ወገን ከሆነ፣ ከሌላው ጋር የሚያገናኘኝ ክር የለም። በብሔር ተለያይተን በእምነት፣ በእምነት ተለያይተን በሥራ ወይም በኳስ ከተገናኘን ግን፣ ዛሬ የተከራከርኩትን ሰው ነገ እፈልገዋለሁ።

ጥያቄ፦ ያባሉን ፌስቡክና ቲክቶክ ናቸው። ቢዘጉ አይሻልም?

ማባባሱንስ ያባብሳሉ። ሰውን የሚያቆየውን እየመረጡ ያቀርባሉ፤ ቁጣ ደግሞ ያቆያል። ግን ሩዋንዳ ውስጥ ያኔ ፌስቡክ አልነበረም። ጥላቻውን ለመንዛት ሬዲዮ በቃ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። አሜሪካኖቹም እንደኛ ሆኑ ልበል?

አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1960 አሜሪካኖች «ልጅዎ የሌላውን ፓርቲ ደጋፊ ቢያገባ ቅር ይልዎታል?» ተብለው ሲጠየቁ፣ አዎ ያሉት ከመቶው 5 ቢሆኑ ነው። በ2010 ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብ ከሪፐብሊካኖቹ ግማሽ ያህሉ፣ ከዴሞክራቶቹ ሲሶው አዎ አሉ። ድሮ በሁለቱም ፓርቲ ውስጥ ወግ አጥባቂም ለዘብተኛም ነበር። ዛሬ እምነቱም፣ የቆዳ ቀለሙም፣ ከተማና ገጠሩም ከፓርቲው ጋር ተሰልፏል። ያው መደራረብ ነው።

ጥያቄ፦ እድርን አዘውትረው ያነሳሉ። ቀብር ማስፈጸሚያ አይደለም እንዴ?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቃት ነበር። ባለፈው ሰፈራችን ለቅሶ ነበር። ድንኳን ሲተከል አንዱ ጎረቤቴ ካስማውን ያዘ፣ ሌላው በመዶሻ መታ። ሁለቱ በፖለቲካ የተነሳ ሰላምታ ካቆሙ ቆይተዋል። ያን ቀን የተነጋገሩት ስለ ገመዱ ብቻ ነው፦ «ሳበው። ትንሽ ጨምር። በቃ።» ለኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሹቶሽ ቫርሽኒ የሚባል ምሁር የሕንድ ከተሞችን ጥንድ ጥንድ እያደረገ አጥንቷል። በካሊከትም በአሊጋርም የሙስሊሙና የሂንዱው ድርሻ ተቀራራቢ ነው። ባጠናው ዘመን አሊጋር በየጊዜው ትታመስ ነበር፤ ካሊከት ግን ሰላም ነበረች። ልዩነቱ፣ ካሊከት ውስጥ የነጋዴው፣ የሠራተኛውና የአንባቢው ማኅበር ሙስሊሙንም ሂንዱውንም የቀላቀለ መሆኑ ነው። ክፉ ወሬ ሲመጣ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ የሚደውልለት ሰው በወዲያኛው ወገን አለ። በትልቅ ከተማ የጎረቤት ሰላምታ ብቻውን ይህን አይችልም፤ መዝገብና ሊቀመንበር ያለው ማኅበር ይችላል። የኛ እድር ሁለቱም አለው።

በትውልድ አካባቢ ብቻ የሚቋቋሙ እድሮችም አሉ። ለአገር ልጅ መከታ ናቸው፤ የምለውን ሥራ ግን አይሠሩም። ስለዚህ ኮንዶሚኒየም ስትገቡ መጀመሪያ የሰፈሩን እድር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ የተጣሉትን ሰብስቦ አንድ ማዕድ ላይ ማስቀመጥስ?

ብቻውን አይበቃም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሙዛፈር ሸሪፍ በ1954 አሜሪካ፣ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ልጆችን ካምፕ አስገብቶ ለሁለት ከፍሎ አፎካከረ። ወዲያው ተጣሉ። አብረው እንዲበሉ ሲደረግ ምግቡን ተወራወሩበት። ቀስ በቀስ የቀዘቀዙት እንደ ካምፑ ውኃ መቋረጥ ያለ የጋራ ችግር ደጋግሞ ሲገጥማቸውና አብረው ሲፈቱት ነው። ጸቡን ያጋጋሉት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው የሚል ትችት አለ፤ ትችቱ ልክ ነው። የውኃው ነገር ግን እውነት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከታላቅ ወንድሜ ጋር በፖለቲካ ከተኳረፍን 2 ዓመት ሆነን። እናታችን በዓል በመጣ ቁጥር ታለቅሳለች። ምን ልበለው?

ስለ ፖለቲካው ምንም አትበለው። የእናታችሁ ቤት ጣሪያ ያፈስ እንደሆነ፣ መድኃኒቷ ያለቀ እንደሆነ እይ። ከዚያ ደውልና «ብቻዬን አልቻልኩም፣ ቅዳሜ ና» በለው።