ማሮሚና የእኛ ቤት ድመት

ልጆቼ፣

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስልኳን ይዛ መጣችና አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ «አክስቴ፣ ይቺን ልጅ እስቲ መርምሪልኝ» አለችኝ። የቤታችን ቀልድ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአእምሮ ሕክምና ሠርቼ ጡረታ ስለወጣሁ፣ ጠባዩ ያልገባቸውን የፊልም ሰው ሁሉ ወደ እኔ ይልኩታል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ አይቼ «እሱ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ደራሲው ነው» ብዬ እመልሳለሁ። ይቺን ግን መመለስ አልቻልኩም። 13ቱንም ክፍል አይቼ ጨረስኩ።

አኒሜው (የጃፓን የሥዕል ፊልም ነው) «ፓራኖያ ኤጀንት» ይባላል። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 በጃፓን የታየ የሳቶሺ ኮን ሥራ ነው። (ኮን በ2010 በቆሽት ካንሰር ሞተ። ገና 46 ዓመቱ ነበር።) ሥዕል ነው ብላችሁ ለትንንሾቹ እንዳትከፍቱላቸው፤ ከባድ ነው። ደግሞ ምስጢሩን ላወጣው ነውና፣ ሳታዩት መስማት የማትፈልጉ አይታችሁ ተመለሱ።

ትሱኪኮ ሳጊ ዝምተኛ ሠዓሊ ናት። ማሮሚ የሚባል ሮዝ ቡችላ ፈጥራ አገሩ ሁሉ አብዶለታል። መሥሪያ ቤቷ አሁን ሁለተኛውን ይጠብቃል። አይመጣላትም። ጭንቅ ውስጥ እያለች አንድ ማታ ወርቃማ የመንሸራተቻ ጫማ ያደረገ ልጅ በተጣመመ የቤዝቦል ዱላ መታኝ ትላለች። ፖሊሶቹ ግራ ይገባቸዋል። የማሮሚ አሻንጉሊት ደግሞ ሌላ ሰው በሌለበት ዓይኑን ገልጦ ያናግራታል፣ ያባብላታል። የሚሰማው እሷ ብቻ ናት።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ «አብዳለች ወይስ አላበደችም?» ነው። እኔ በዚያ በር መግባት አልወድም።

የሌለ ጓደኛ ማዋራት ብቻውን በሽታ አይደለም። በአሜሪካ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ማርጆሪ ቴይለር የምትባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ጉዳይ ለረጅም ዘመን አጥንታለች። ማሮሚ በቴሌቪዥን በወጣበት በዚያው በ2004 እሷና ባልደረቦቿ ያሳተሙት ጥናት አለ። ከተከታተሏቸው ልጆች 65 በመቶው እስከ 7 ዓመታቸው ድረስ በሆነ ጊዜ የምናብ ጓደኛ ነበራቸው። እንደ ሰው የሚያዋሩት አሻንጉሊትም ተቆጥሮ ነው። ደስ የሚለኝ ምኑ መሰላችሁ? ልጆቹ ስለ ጓደኛቸው ሲጠየቁ በመሃል ቆም ብለው «የውሸት እኮ ነው» ብለው ጠያቂዋን ያስታውሷታል። ሕፃኑ ያውቃል። ደንግጦ ጠበል ልውሰደው የሚለው ትልቁ ሰው ነው የማያውቀው።

ካደጉም በኋላ ይኖራል። አና ፍራንክ አምስተርዳም ውስጥ ከናዚዎች ተደብቃ የምትጽፈውን ማስታወሻ «ኪቲ» ለምትባል ጓደኛ ነበር የምትጽፈው። ከፊቷ የተቀመጠች ኪቲ የለችም። ግን ለኪቲ ከእናቷ ጋር መጣላቷን፣ ፍርሃቷን፣ የራሷን ጠባይ ሁሉ ሳትሸፍን ትነግራታለች።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ኪቲ የሚነገራት ናት። ማሮሚ ግን የሚሸፍን ነው።

የአኒሜው የጃፓንኛ ስም «ሞሶ ዳይሪኒን» ነው። ሞሶ የሌለን ነገር አለ ብሎ ማመን ነው፣ ዳይሪኒን ደግሞ ወኪል። ይህን ሳውቅ ውልና ማስረጃ ወረፋ ላይ የቆምኩ ነው የመሰለኝ። ትሱኪኮ ሁለት ውክልና ነው የሰጠችው። ማሮሚ በእሷ ምትክ ያጽናናል። ባለዱላው ልጅ በእሷ ምትክ ጥፋተኛ ይሆናል። ለእሷ የቀረላት ዝም ማለት ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ እንደምናየው፣ ትሱኪኮ ልጅ ሳለች ማሮሚ የሚባል እውነተኛ ቡችላ ነበራት። መንገድ ላይ ድንገት ሆዷን አመማትና ማሰሪያውን ለቀቀችው፤ መኪና ገጨው። አባቷ ቁጡ ነው። ፈራችና «ባለዱላ ልጅ መጥቶ ነው» አለች። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚያባብላት አሻንጉሊት የሞተው ቡችላ ስም ነው ያለው። ከተማውን የሚያሸብረው ልጅ ያቺ የልጅነት ውሸት ናት። ልጁ ሌሎችንም እየመታ ይገዝፍና በመጨረሻ ቶኪዮን የሚውጥ ጥቁር ማዕበል ይሆናል። ማዕበሉ የሚሸሸው ሐኪም መጥቶ ወይም ፖሊስ ተኩሶ አይደለም። ትሱኪኮ ያንን ቡችላ አቅፋ ይቅርታ ስትጠይቀው ነው።

ኮን ግን ቀልደኛ ነው፤ በዚህ አይለቀንም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማው ተጠግኖ ሰዉ በአዲስ አሻንጉሊት አብዷል። አሁን ደግሞ በድመት።

ድመቷን ሳይ ስልኩን አስቀመጥኩት።

በዘጠኝ ዓመቴ፣ ደሴ እያለን፣ እናቴ ዳንቴል ያለበሰችውን የአባቴን ሬዲዮ ከመደርደሪያው ላይ ጣልኩት። ድመቷ ናት አልኩ። በማግስቱ ድመቷ ጆንያ ውስጥ ተከታ ከከተማ ውጭ ተጣለች። ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ማታ ማታ ትመጣ ነበር። ብርድ ልብሱን ስከናነብ እግሬ ሥር ትጠቀለላለች። «ምንም አይደል፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም» ትለኛለች። እኔም አለቅስና እተኛለሁ። ያባረርኳት እኔ፣ መልሼ የፈጠርኳት እኔ፣ ይቅርታውንም የምሰጠው እኔው! ስንት ዓመት የሰው ታሪክ ሳዳምጥ ኖሬ ይህ ትዝ ያለኝ ሸምግዬ፣ የእህቴ ልጅ ስልክ ላይ ነው።

የእናንተ ማሮሚ አሻንጉሊት ላይሆን ይችላል። ሌሊት ሌሊት የምታዋሩት የስልክ ፕሮግራም ይሆናል። የተለያችሁት ሰው ድምፅ ይሆናል፤ በሐሳባችሁ እያመጣችሁ የምትከራከሩት። አልነቅፍም። ብቸኝነት ከባድ ነው፤ ጓደኛ ከሌለ ሰው ይፈጥራል። ግን አንድ ማታ ልብ ብላችሁ ስሙት። እስቲ አንስታችሁ የማታውቁትን ነገር አንሱበት። ከሰማቻችሁ፣ ኪቲ ናት፤ ጻፉላት። «ተይው፣ ተወው፣ ምን አጠፋችሁ» ብቻ ካለ፣ የደበቃችሁት ነገር እዚያው አጠገቡ ነው ያለው።

የእህቴን ልጅ ጥያቄ አልረሳሁትም። ድምፁ የራሳችሁ ሐሳብ መሆኑን መለየት ካቃታችሁ፣ የሚያዝዛችሁ ወይም የሚያስፈራራችሁ ከሆነ፣ «ራሳችሁን ጉዱ» የሚላችሁ ከሆነ፣ ይህ ሌላ ነገር ነው። በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጠበሉን ከፈለጋችሁ ከሕክምናው ጋር አድርጉት እንጂ በምትኩ አይሁን።

አባቴ ሳልነግረው ሞተ። አኒሜውን በጨረስኩ ሳምንት እናቴ ጋ ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላት ነው፣ ጆሮዋ ግን ደህና ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ፣ «እማዬ፣ ሬዲዮውን የጣልኩት እኔ ነበርኩ» አልኳት።

ሲኒዋን አስቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለች። «ዳንቴሉ እጅሽ ላይ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ድመቷ ስትጣል ለምን ዝም አልሽ?»

«እሷማ አይጥ መያዝ ከተወች ቆይታ ነበር።»