ኢንዲጎው ከቅጠል ስለሆነ ብቻ አካባቢን አይበክልም ማለት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ! የጥጥ ሻርፕ ኢንዲጎ በሚባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ እየነከርኩ መሸጥ ጀምሬያለሁ፣ የምጠቀመው ከቅጠል የወጣውን ነው። አንድ ደንበኛ ግን "ከፋብሪካው ጋር በኬሚስትሪ አንድ ነው፣ ምን ለውጥ አለው?" አለኝ። እውነት ነው? አካባቢን አይበክልም ብዬ መሸጥስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሰውየው ስለ ሞለኪውሉ ያለው ልክ ነው፣ የቅጠሉ ላይ እንደ ኢንዲሩቢን ያሉ ሌሎች ቀለሞች ትንሽ ትንሽ ይቀላቀሉበታል እንጂ ሰማያዊው ያው አንድ ነው። አመጣጣቸው ግን በጣም ይለያያል። የጀርመኑ የኬሚካል ኩባንያ ቢኤኤስኤፍ በፈረንጆቹ 1897 ገበያ ካወጣው ጊዜ ጀምሮ የፋብሪካው ኢንዲጎ መነሻው ማዕድን ነዳጅ ነው፣ ዛሬ የሚሰራው ከአኒሊን ሲሆን ፎርማልዲሃይድና ሃይድሮጅን ሳያናይድ የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎችም ይገቡበታል። የቅጠሉ ኢንዲጎ በብዛት የሚወጣበት ተክል፣ ኢንዲጎፌራ፣ ደግሞ የአተርና የባቄላ ዘመድ ስለሆነ ሥሩ ላይ ባሉት ባክቴሪያዎች አማካኝነት ናይትሮጅን ለአፈር ይሰጣል፣ ቀለሙ ከወጣ በኋላ የሚተርፈው ቅጠልም ማዳበሪያ ይሆናል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን የምትነክሪበት በርሜል ውስጥ የሚገባው ነው። ኢንዲጎ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ኖራ ወይ የአመድ ውሃ ባለበት ኦክስጅኑን የሚወስድበት ነገር ተጨምሮ ወደ ቢጫ አረንጓዴ መቀየር አለበት፣ ከዛ ጨርቁ ወጥቶ አየር ሲያገኘው ነው ሰማያዊ የሚሆነው። ብዙዎች ለዚህ ሶዲየም ሃይድሮሰልፋይት ይጨምራሉ፣ ፈጣን ነው እኮ፣ ግን ሰልፋይትና ሰልፌት ሆኖ ይቀርና ፍሳሹ ወንዝ ሲገባ የውሃውን ኦክስጅን ይበላል። የቅጠል ኢንዲጎ ገዝተሽ በዚህ ከነከርሽ አካባቢን አይበክልም ማለት አትችዪም!

ለጥጥ በጣም የምወደው 1 እጅ ኢንዲጎ፣ 2 እጅ በውሃ የጠፋ ኖራ (ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ)፣ 3 እጅ ፍሩክቶስ (የፍራፍሬ ስኳር) በክብደት መዝኖ በሙቅ ውሃ መበጥበጥ ነው (ኖራው ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር አድርጊ፣ ለሱፍ ደግሞ ይከብዳል)። ሲደክም አትድፊው፣ ፍሩክቶስ ሲጨመርበት ይነሳል፣ ለወራት ታቆዪዋለሽ። ጨርሶ ሲያልቅ ብቻ አየር እስኪገባው አማስለሽ፣ አዝቅጠሽ፣ የላዩን ውሃ በኮምጣጤ አለዝበሽ ነው የምትደፊው።

ሌላው፣ ተፈጥሯዊ ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት አንዳንዴ የፋብሪካ ይቀላቀልበታል፣ አቅራቢሽን ከየትኛው ተክል እንደሆነ ጠይቂ። ለደንበኞችሽም "አይበክልም" ከምትዪ "ከቅጠል በወጣ ኢንዲጎ፣ ያለ ሃይድሮሰልፋይት የተነከረ" ብለሽ ጻፊላቸው።