ዳገት ላይ የማያስወርድ ብስክሌት፦ ጥያቄና መልስ

በአዲስ አበባ ዳገቶች ላይ ለብዙ ዓመታት ብስክሌት ስነዳ፣ ለወዳጆቼም ስመርጥና ሳስተካክል ስለኖርኩ፣ ስለ ብስክሌት አመራረጥና ብስክሌትን ለልብና ለሳንባ ብርታት ስለመጠቀም የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ዕድሜዬ 45 ነው። ሐኪም እንድንቀሳቀስ መክሮኛል። ባለማርሽ ብስክሌት ያስፈልገኛል ወይስ ተራው ይበቃኛል?

መልስ፦ በእርስዎ ሰፈር ባለማርሹ የግድ ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳ። ማርሽ የሌለው ባለ 26 ኢንች ጎማ ብስክሌት ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሳም ክቦች ከፊት 44፣ ከኋላ 18 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ፔዳሉ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር ብስክሌቱ 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። የተራራ ብስክሌት ግን ከፊት 24፣ ከኋላ 34 ጥርስ ባለው ማርሽ ሲነዱት በአንድ ዙር የሚጓዘው 1 ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ነው። እግርዎ በደቂቃ 60 ጊዜ እየዞረ በሁለተኛው ብስክሌት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በእግረኛ ፍጥነት፣ ዳገቱን ሳይወርዱ ይወጡታል፤ በመጀመሪያው ግን በዚያው የእግር ዙር ለመሄድ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር መፍጠን ይኖርብዎታል፤ ይህም ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሠለጠነ ተወዳዳሪ ሥራ ነው። «ብስክሌት ለእኔ አይሆንም» ብለው ያቆሙ ሰዎችን ስጠይቅ፣ አብዛኞቹ የተሸነፉት በጉልበት ማነስ ሳይሆን በማርሽ መክበድ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሻጮች «21 ማርሽ ነው» እያሉ ብዛቱን ያወድሳሉ፤ እርስዎ ግን የፊቱን ትንሹንና የኋላውን ትልቁን ጥርስ ጎንበስ ብለው ይቁጠሩ። የፊቱ ከኋላው ያነሰ ወይም እኩል ከሆነ ዳገት ያወጣዎታል። የፊት ጎማውን የሚይዘው ማቀፊያ ላይ ስፕሪንግ ያለው ርካሽ ብስክሌት ደግሞ ያማረ ቢመስልም ክብደት ይጨምራል፣ ዳገት ላይም ጉልበትዎን በመነጠር ያባክነዋል፤ በዚያው ዋጋ ደህና ፍሬንና ደህና ማርሽ ያለው፣ ስፕሪንግ የሌለው ቢገኝ እሱን እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። እዚህም ያን ያህል ማርሽ ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተራው ብስክሌት ይበቃዎታል፤ የተረፈዎትን ገንዘብ ለመብራትና ለራስ መከላከያ ቆብ ያውሉት።

ጥያቄ፦ ቀሚስ ስለምለብስ ብስክሌት ላይ መውጣትና መውረድ ይከብደኛል። መፍትሔ አለው?

መልስ፦ በመቀመጫውና በመሪው መካከል ያለው ብረት ወደ ታች የወረደለትን ዓይነት ይፈልጉ፤ እግር ሳያነሡ ይወጡበታል። ካቴናው መሸፈኛ፣ የኋላው ጎማም የጎን መከለያ እንዲኖረው ያድርጉ። ይህ ዓይነቱ «የሴት ብስክሌት» ተብሎ ይጠራል እንጂ ወገባቸውን ለሚያማቸው አባቶችም እጅግ ይስማማል።

ጥያቄ፦ ልቤ በትክክለኛው መጠን እየሠራ መሆኑን ያለ መሣሪያ እንዴት አውቃለሁ?

መልስ፦ በንግግርዎ ይለኩት። እየነዱ ማውራት ከቻሉና መዝፈን ካቃተዎት መካከለኛ ጥረት ላይ ነዎት፤ ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ከቆረጠብዎት ጥረቱ ከባድ ነው። የእጅ ሰዓት ላላቸው፣ ከ220 ዕድሜን በመቀነስ ከፍተኛው የልብ ምት በግምት ይገኛል፤ ለ45 ዓመት ሰው 175 ይሆናል፣ መካከለኛው ጥረትም በደቂቃ ከ112 እስከ 133 ባለው ውስጥ ይወድቃል። ለደም ግፊት እንደ አቴኖሎል ያለ የልብ ምት የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ስሌት አይመራ፤ ምቱ ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ቁጥሩን ለማሟላት ሲል ራሱን ከመጠን በላይ ሊያደክም ይችላል። ለእሱ የንግግሩ መለኪያ ይሻላል፤ ከመጀመሩ በፊትም ሐኪሙን ያማክር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ከባድ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን በ20 ደቂቃ ቢነሣና በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ ቨርጂንያ ውስጥ በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የማውንት ቨርነን መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያለ ችግር እነዳለሁ። ለእረፍት አዲስ አበባ መጥቼ ግን በ8 ኪሎ ሜትር ትንፋሼ አለቀ። ታምሜ ይሆን?

መልስ፦ የወንዙ ዳር ከባሕር ወለል እምብዛም ከፍ አይልም፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እንጦጦም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስለሚሳሳ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን ያንሳል፤ ልብ በዚያው ፍጥነት ለመሄድ ይበልጥ መምታት ይኖርበታል። ለመጀመሪያው ሳምንት ርቀቱን በግማሽ ቀንሰው ቀስ ብለው ይንዱ። ደረት ላይ የመጫን ስሜት ወይም ራስ መሳት ከተከተለ ግን በከፍታው ማመካኘት አይገባም፤ ወዲያው ሕክምና ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ስነዳ ጉልበቴን ከፊት በኩል ያመኛል። ላቁም?

መልስ፦ ከማቆምዎ በፊት መቀመጫውን ይመልከቱ። እኛ ዘንድ ሁለቱም እግር መሬት እንዲነካ ተብሎ መቀመጫ በጣም ዝቅ ይደረጋል፤ ጉልበትም ከልክ በላይ እየታጠፈ ይጫናል። ግድግዳ ተደግፈው ይቀመጡና ፔዳሉ እታች ሲደርስ ተረከዝዎን ያሳርፉበት፤ በዚያን ጊዜ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ሲነዱ ግን የሚረግጡት በፊተኛው የእግር መዳፍ ስለሆነ ጉልበትዎ በመጠኑ እንደታጠፈ ይቀራል። ሕመሙ ከጉልበት ጀርባ ከሆነ መቀመጫው ከፍ ብሎ ሊሆን ስለሚችል ጥቂት ያውርዱት። ከባድ ማርሽ እየረገጡ መሄድም ጉልበት ይጎዳል፤ ማርሹን አቅልለው እግርዎን በደቂቃ ከ70 እስከ 90 ጊዜ ያዙሩት። ይህ ሁሉ ተደርጎ ሕመሙ ካልለቀቀ ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ በዐቢይ ጾም መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ጤነኛ ከሆኑ ይችላሉ፤ ጥረቱን ቀለል አድርገው ጾምዎን ከሚፈቱበት ሰዓት በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቢነዱ፣ ወዲያው ምግብና ውኃ ያገኛሉ። በረመዳንም ከማፍጠሪያው በፊት ያለው ጊዜ የሚመረጠው ስለዚሁ ነው፤ ውኃም ስለማይጠጣ ግን ጠራራ ፀሐይ ላይ መንዳት አይገባም። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሞክረው።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ብስክሌት ስገዛ ምኑን ልይ?

መልስ፦ አንድ ጊዜ ቀለሙ አዲስ በሆነ ብስክሌት ተታልያለሁ፤ ስንጥቁ ከቀለሙ ሥር ነበር። ስለዚህ ብረቱ የተበየደበትን ቦታ ሁሉ በጣትዎ ይዳብሱ። ጎማውን አንሥተው ያሽከርክሩት፤ ወደ ጎን እየተወላገደ ከዞረ ቸርኬው ተጣሟል። ፔዳሉ የተያያዘበትን ክንድ ይዘው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይወዝውዙት፤ ከተነቃነቀ ኩሽኔታው አልቋል። ከመነዳሪ (አየር የሚይዘውን የውስጥ ጎማ) መቀየር ለጎሚስታ የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ የተነፈሰ ጎማ አያስጨንቅዎት። ፍሬኑን ግን ቁልቁለት ላይ ነድተው ሳይሞክሩ ገንዘብ አይክፈሉ።